ሳይቆፈር

ስልሳ አምስት ዓመት ሞላኝ፤ ገና በሳምንቱ
ደብዳቤ መጣልኝ፣ የሆስፒታል ማኅተም አለበት በፊቱ፦
«ሆድዎን ለማየት ዐሥር ደቂቃ ይበቃል፤
አያምም፤ ይምጡ» ይላል።
ሣቅሁ። «ሆዴን ማን ዐወቀው» አልኳት ለጉንቮር፣
«አንቺ እንኳ ያላየሽው አርባ ዓመት ስንኖር።»
እሷ አልሣቀች፤
ኮቴን አቀበለችኝ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤
የእኔን ያወጣው ቀዝቃዛ ቅባትና ትንሽ ስክሪን ነው።
«አርባ አንድ ሚሊሜትር» አሉኝ።
«ዋናው የደም ቧንቧዎ አብጧል።
ሲጋራውን ይተዉ፤ በዓመቱ ይመለሱ።»

ቧንቧ! ለእኔ?
እኔ እኮ ነኝ የሱንድስቫል ከተማ የቧንቧ ሠራተኛ፣
ከበረዶው ሥር ውሃ ሲያለቅስ ሰምቶ የማይተኛ፤
ዝገት የበላው ብረት ከመፈንዳቱ በፊት
እንዴት እንደሚያብጥ፣ እንዴት ዝም እንደሚል ሌሊት
ዐውቃለሁ።
የሚያፏጭ ቧንቧ ይጠገናል፤
ዝም ያለው ጎዳና ይዞ ይሄዳል።

ሆደ ሰፊ ይሉኝ ነበር፣ ታጋሽ ነው ለማለት፤
ይኸው በሚሊሜትር ተለካ ያ ስፋት።

አርባ አራት። አርባ ስምንት። ሃምሳ አንድ።
ጉንቮር በኩሽናው በር መቃን ላይ በእርሳስ ትጽፈዋለች፣
ከልጅ ልጃችን ከአልፍሂልድ ቁመት ጎን፤
ሁለታችንም እናድጋለን።

ሃምሳ ስድስት ሲደርስ ዶክተር ሳንድግሬን መነጽሯን አወለቀች።
ሲክስተን ትዝ አለኝ፣ የጉድጓድ ጓደኛዬ፦
በድሮው መንገድ ነበር የከፈቱት፣
ከደረቱ ሥር እስከ እምብርቱ ታች፤
ክረምቱን በወንበር ላይ ተኝቶ ገፋው፤
ጠባሳውን ሲያሳየን፣ ምሳችንን ወደ ሣጥናችን እንመልስ ነበር።

«በብሽሽትዎ በኩል እንገባለን» አለች፣
«በሁለት ቀዳዳ። አንቆፍርም።»

አንቆፍርም ስትል ቀና አልኩ።
እኛም ትተን የለ መቆፈር! ትልቁን ጎዳና
በአንድ ጉድጓድ ገብተን፣ ለስላሳ እጅጌ በአሮጌው ቧንቧ አሾልከን፣
በእንፋሎት ነፍተን ከግድግዳው ጋር ስናጣብቅ፣
ከላያችን ሰው ዳቦ ይገዛል፣ ውሻ ይጎትታል፤
ማንም አልሰማ።

ሳልተኛ ነው የሠሩልኝ። ከወገቤ በታች ብቻ ሌላ ሰው ሆንኩ።
ቀለም ሲረጩበት ደሜ በስክሪኑ ላይ ታየ፣
ከአውሮፕላን እንደሚታይ ወንዝ፣ መሐሉ ላይ ኩሬ የሠራ።
ጨርቅ የለበሰ ብረት ነው፤ ታጥፎ፣ ቀጥኖ ሽቅብ ወጣ፤
ሙቀቴ ሲነካው ቅርጹ ትዝ አለውና
ተዘረጋ፣ ባለ ሁለት እግር፣ እንደ ሕፃን ሱሪ።

«ትንፋሽዎን ይያዙ።»
ያዝኩ።
«ሁለት ሚሊሜትር ወደ ታች፤ ኩላሊቱ አለ።»
«አደራ፣ ቅርንጫፉን እንዳትደፍኑት» አልኩ።
ነርሷ ከጭንብሏ ሥር ሣቀች፤
እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም፤
በዘጠና ሁለት ዓመተ ምሕረት የአንድ አሮጊት መታጠቢያ ቤት ደፍኜ ዐውቃለሁ።

በማግሥቱ በእግሬ ወጣሁ።
አሮጌው ከረጢት እዚያው ነው፣ ሥራ ፈትቶ፤
ደሙ በአዲሱ እጅጌ ያልፋል ከሱ ተለይቶ።
«ከኋላ ትንሽ የሚያሾልክ አለ» አሉኝ፣ «እንከታተለዋለን።»
ተከታተሉ። ተጠግኖ የሚረሳ ቧንቧ እኔም አላየሁ።

በዓመቱ መቃኑ ላይ ሃምሳ አራት ተጻፈ፤
አልፍሂልድ አራት ጣት ጨምራለች።

በዚያ ሌሊት፣ በረዶ አራጊው መኪና በመስኮታችን ሥር ሲያልፍ፣
የሆዴን ለጉንቮር አወጣሁላት፦
በመጀመሪያው ቀን፣ በደብዳቤው ቀን፣ ፈርቼ ነበር።

«ዐውቃለሁ» አለች ፊቷን ሳታዞር።
«ኮትህን ገልብጠህ ለብሰህ ነበር።»